እማሆይ ግቢ የወደቀው አውሮፕላን

አውሮፕላኑ የወደቀው ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት አካባቢ ነው። እኔ በያጅ ነኝ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ፣ ከገበያው ወረድ ብሎ ባለ ሰፈር፣ ቤቴ ደጃፍ ላይ በሠራኋት የቆርቆሮ ዳስ በርና መስኮት እሠራለሁ። ያን ጠዋት ለአንድ ደንበኛ የግቢ በር እያዘጋጀሁ ነበር። ኅዳር ነው፤ ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ብርዱ ገና ከጥላ ሥር አልወጣም። ባለቤቴ አጥሩን ተደግፋ ከጎረቤታችን ከእማሆይ ጋር ታወራለች። ትንሽ ቆይተው እማሆይ «ቆይ መጣሁ፣ የጎመን ዘር ላምጣልሽ» ብለው ወደ ቤታቸው ገቡ።

እማሆይ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ቆብ የጫኑ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ናቸው። ሁለት ክፍል ያላት የጭቃ ቤታቸው ከእኛ ግቢ ጋር የምትለየው በአንድ የባሕር ዛፍ አጥር ነው። ልጆቻቸው ሩቅ ናቸው። ስለዚህ ውኃ ሲጠፋ የምቀዳላቸው፣ አምፖል ሲቃጠል የምቀይርላቸው እኔ ነኝ። እሳቸው ደግሞ ልጆቼ ሲታመሙ ጠበል ይዘው ይመጣሉ፤ እኔና ባለቤቴ ስንጣላም ማንም ሳይጠራቸው መጥተው በመካከላችን ይቀመጣሉ።

በእነዚህ ዓመታት እኛ ሰፈር የአውሮፕላን ድምፅ ሲሰማ ሰው ሥራውን አቁሞ ቀና ማለት ለምዷል። እኔ ግን ያን ሰዓት ግራይንደር እያስጮህኩ ስለነበር ምንም አልሰማሁም። ባለቤቴ መጥታ ትከሻዬን ያዘችኝ። ግራይንደሩን ሳጠፋው ጩኸቱ አልቆመም፤ ሌላ ጩኸት ነበር።

ትንሽ አውሮፕላን ናት። የወታደር መሆኗን ቀለሟ ያስታውቃል። ሞተሯ እንደ ታመመ ሰው ያስላል፣ ዝም ይላል፣ እንደገና ያስላል። ከባሕር ዛፎቹ ጫፍ ብዙም ከፍ አላለችም። አንድ ክንፏን አዘንብላ በቀጥታ ወደ እኛ መጣች።

ሮጥኩ። ወዴት እንደሮጥኩም ልናገር፤ ይህን ብደብቅ የቀረው ሁሉ ውሸት ይሆንብኛል። ወደ ቤቴ ጓዳ ነው የሮጥኩት። ባለቤቴን እጇን እንኳ አልያዝኳትም። ልጆቼ የዚያን ቀን አያታቸው ዘንድ ደብረ ኤልያስ መሆናቸውን ያስታወስኩት ጓዳ ከገባሁ በኋላ ነው። ከእህል ጆንያው ጀርባ ተቀምጬ ጆሮዬን በእጄ ይዤ ሳለሁ መሬቱ ከሥሬ ተነቀነቀ። ጣራዬ ላይ አፈርና ድንጋይ ዘነበ። ከዚያ ጸጥ አለ።

ጸጥታውን የሰበረችው ባለቤቴ ናት። «እማሆይ! እማሆይ ውስጥ ናቸው!»

ስወጣ አጥራችን የለም። አውሮፕላኗ የእማሆይን የፊት ክፍል ጣራ ጠርጋ፣ አፍንጫዋን ከጓሮው የጎመን መደብ ውስጥ ቀብራ፣ ጅራቷን በተደረመሰው ግድግዳ ላይ ጥላ ቆማለች። አቧራው ገና አልበረደም። ሰው ከየቤቱ ወጥቶ ከመንገዱ ማዶ ቆሟል፤ ማንም አይቀርብም። «ራቁ! ይፈነዳል!» የሚል ድምፅ ከየአቅጣጫው ይሰማል።

የሃያ ዓመት ልምድ ያለው ሰው ብረት ሊቆርጥ ሲነሣ እጁ የሚሄደው ወደ ግራይንደር ነው። አንሥቼ ገመዱን እየጎተትኩ ጥቂት እርምጃ እንደሄድኩ የነዳጅ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። በዚያ ቦታ አንዲት ብልጭታ ሁላችንንም ትጨርሰን ነበር። ግራይንደሩን መልሼ አስቀመጥኩና ድጅኖና የእጅ ብረት መጋዝ ያዝኩ።

«እሳት ያለበት ቤት ሁሉ እሳቱን ያጥፋ በይ። መብራትም ቆጣሪው ላይ ያጥፉ» አልኳት ባለቤቴን።

ቃሌን ሳልጨርስ ሄዳለች። ከቤት ቤት እየሮጠች፣ በር እየደበደበች፣ ምድጃ ላይ በገዛ እጇ ውኃ እየደፋች ስትዞር እንደነበር የሰፈሩ ሰው በኋላ ነገረኝ። ስለዚያ ቀን ሰው ሲያነሣ የእኔን መጋዝ ነው የሚያወራው። ሰፈሩን ከእሳት ያዳነችው ግን እሷ ናት።

እማሆይ ከወደቀው ጣራ ሥር፣ በሩ አጠገብ ነበሩ። ቆርቆሮውን በድጅኖ ቀና ሳደርገው ነጭ ቆባቸውን አየሁ።

«እማሆይ! ይሰሙኛል?» ብዬ ጮህኩ።

«እሰማሃለሁ። አትጩህብኝ።»

«ምንዎን ነው የያዘዎት?»

«እግሬን ግንድ ተጭኖኛል። ለእኔ አትቸኩል። ከወዲያ በኩል ሰው ያቃስታል፣ እሱን እየው።»

«መጀመሪያ እርስዎን ላውጣና...»

«እኔ እየጸለይኩ ነው፣ እሱ እያቃሰተ ነው። ማን ይብስበታል?» አሉኝ፤ ቁጣቸው ልክ ልጆቼን አጥር ላይ ሲወጡ ሲያዩ እንደሚቆጡት ነው።

በዚህ መሐል ከጀርባዬ አንድ ሰው ደረሰ። ባጃጅ የሚነዳ የሰፈራችን ልጅ ነው። ክንዴን ያዘኝና ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እማሆይን እናውጣ። ያኛውን ግን ባክህ ተወው። የወታደር ነገር ነው። ብትነካው ነገ የምትጠየቀው አንተ ነህ» አለኝ።

ክፉ ሰው አይደለም። በዚያ ሰሞን ሁላችንም ባላጠፋነው ነገር መጠየቅን እንፈራ ነበር። እውነቱን ለመናገር ቃሉ እኔንም ያዝ አድርጎኛል። ከጓዳ የወጣሁት ገና አሁን ነው፤ ለመመለስ ሰበብ የሚሰጠኝ ሰው ደግሞ አላጣሁም።

ከግንዱ ሥር እንደገና የእማሆይ ድምፅ መጣ። «ማነው እሱ? ድምፁን አውቀዋለሁ። ክርስትና ሲነሣ ያቀፍኩት እኔ ነኝ። ያኔም ውኃው ቀዘቀዘኝ ብሎ ሲጮህ ነበር። ና ይህን ግንድ አንሣልኝ በለው፤ አንተ ደግሞ ወደዚያ ሂድ!»

ልጁ ሲያፍር አየሁት። ጃኬቱን አውልቆ ጣለና በጉልበቱ ተንበረከከ። እሱ ሲገባ ሌሎችም ከመንገዱ ማዶ መጡ። ምሰሶ ይዞ የመጣ አለ፣ አካፋ ይዞ የመጣ አለ። እኔ በፍርስራሹ ላይ ተሻግሬ ወደ ጓሮ ወረድኩ።

አውሮፕላኗ ውስጥ ሁለት ሰዎች ነበሩ። ፊት የተቀመጠው በዕድሜ ጠና ያለ ነው፤ እጄን አንገቱ ላይ ሳደርግ አልፏል። ዓይኖቹ ተከድነዋል። ኋላ ያለው ወጣት ነው። ፊቱ በደም ተሸፍኗል፣ ዓይኑ ግን ይንከራተታል። ሁለቱም እግሮቹ ከተጣመመ ብረት ሥር ተቀርቅረዋል።

«ጋሼ፣ እሳት አለ?» አለኝ።

«የለም።»

«እውነትዎን ነው?»

«እኔ በያጅ ነኝ። እሳት ሲኖር አውቃለሁ።»

ትንሽ ተንፈስ አለ። ከዚያ «አለቃዬስ?» ብሎ ጠየቀኝ። መጋዙን ብረቱ ላይ አደረግኩ። ስለገባው ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ጣለ፤ ድጋሚም አልጠየቀኝም።

በእጅ መጋዝ ብረት መቁረጥ የሰው ትዕግሥት የሚለካበት ሥራ ነው። ብረቱ እንዳይግል፣ ብልጭታ እንኳ እንዳይወጣው ፈርቼ በዝግታ ነበር የምስበው። ባለቤቴ ከዙሯ ስትመለስ ጀሪካን ውኃና ጣሳ ይዛ መጥታ ከጎኔ ቆመች። እኔ ስቆርጥ እሷ መጋዙ ላይ ውኃ ታፈሳለች። ወጣቱ ሲዝለፈለፍ ደግሞ በዚያው ጣሳ ፊቱን ታርሰዋለች።

«የት ነው አገርህ?» ትለዋለች እንዳይተኛ። ይነግራታል። «እናት አለችህ?» ትለዋለች። «ወንድም አለህ?» ይመልስላታል። «አንተ ልጅ፣ ዓይንህን አትጨፍን፣ ገና የእናትህን ስም አልነገርከኝም።» ምላጩ ሦስት ጊዜ ተሰበረብኝ። መዳፌ መላጡን ያወቅኩት መጋዙ እጄ ላይ ሲያዳልጠኝ ነው።

የመጨረሻው ብረት ሲላቀቅ የእሳት አደጋ መኪናና አምቡላንስ ደርሰው ነበር። ወጣቱን በእድራችን ቃሬዛ ላይ አደረግነው። ቃሬዛው ለቀብር ጊዜ የሚወጣ ስለሆነ ከተሸካሚዎቹ አንዱ «ገዱ አይከፋም ወይ?» ሲል ሰማሁት። «ዝም ብለህ ተሸከም» አለው የባጃጁ ልጅ።

እማሆይን ሳልፍ ከግንዱ ሥር አውጥተዋቸው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። አምቡላንሱ ውስጥ ይግቡ ቢባሉ እምቢ ብለዋል። «ሁለተኛው የታለ?» አሉኝ። እንዳለፈ ነገርኳቸው። ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው ሰጡኝ። «ሰው ፊቱ ተገልጦ አይተኛም። ሂድ አልብሰው» አሉ። ተመልሼ አለበስኩት። እማሆይ አምቡላንስ የገቡት ከዚያ በኋላ ነው።

ሆስፒታል ስንደርስ የእማሆይ ቁርጭምጭሚት ተሰንጥቋል ተባለ። እግራቸው በጀሶ ታስሮ፣ አልጋ ላይ ተቀምጠው፣ ለጠያቂው ሁሉ «እድሜዬን ሙሉ መልአክ ላክልኝ ብዬ ስለምን ወታደር ላከልኝ» እያሉ ያስቁ ነበር። ወጣቱን በማግሥቱ ወደ ሌላ ሆስፒታል ወሰዱት። ይትረፍ አይትረፍ የነገረን የለም።

ቦታው ለጥቂት ቀናት በወታደሮች ተጠብቆ ቆየ። የባጃጁ ልጅ እንደፈራው እኔም ተጠራሁ። አንድ መኮንን ጠረጴዛ ፊት አስቀምጦ ያየሁትን ሁሉ አንድ በአንድ አስነገረኝና ጻፈ። በመጨረሻ፣ «ባለሙያ ሳይመጣ አውሮፕላኑን እንድትቆርጥ ማን ፈቀደልህ?» አለኝ።

በድንጋጤ አፌ ላይ የመጣው እውነቱ ነው። «እማሆይ» አልኩት።

እስክሪብቶውን አስቀምጦ ቀና አለ። «እማሆይ ማን ናቸው?» ሲለኝ ነገርኩት፤ ከግንድ ሥር ሆነው ያዘዙኝን ሁሉ ነገርኩት። ከንፈሩን ነከስ ሲያደርግ ሳቁን እየያዘ መሆኑ ገባኝ። ከዚያ «እጅህን አሳየኝ» አለኝ። መዳፌን ዘረጋሁለት። ለረጅም ጊዜ አየው። «ታክመሃል?» አለኝ። ታክሜያለሁ አልኩት። መዝገቡን ዘግቶ ቆሞ ሸኘኝ።

ያን ቀን ማታ ለባለቤቴ ጓዳ ስለመሮጤ አወራኋት። ያላየች መስሎኝ ነበር። «አይቼሃለሁ» አለችኝ። «ገብተህ ነበር፤ ወጣህ። ስንቱ ነው ገብቶ የቀረ?» ከዚያ ወዲህ አንሥታው አታውቅም።

እማሆይ ከሆስፒታል ሲወጡ እኛ ቤት ገቡ። በሰፈሩ ደግሞ ወሬ ተወለደ። አብራሪዎቹ ከታች ያለውን ትምህርት ቤት አይተው፣ ለሕፃናቱ ሲሉ አውሮፕላኑን ወደዚህ መለሱት የሚል ነው። ወሬውን ማን እንደጀመረው አላውቅም። ሰው ግን ወደደው፤ እኔም ለደንበኞቼ አውርቼዋለሁ።

አርባው ቀን ካለፈ በኋላ ሁለት እንግዶች በራችን ላይ ቆሙ። አንዲት ጥቁር የለበሱ ሴትና ወንድማቸው ናቸው። ከደቡብ በኩል፣ ሁለት ቀን በአውቶቡስ ተጉዘው ነው የመጡት። ሴትዮዋ አውሮፕላኗ ውስጥ ፊት ተቀምጦ የሞተው አብራሪ እናት ናቸው። አማርኛቸው ጥቂት ስለሆነ የሚከብዳቸውን ወንድማቸው ይተረጉምላቸዋል። ከፌስታላቸው ውስጥ አንድ ነጠላ አወጡ፤ ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ ተጣጥፏል።

«ልጄ ሲመጣልኝ ይህን ለብሶ ነበር» አሉ። «የቤታችን አይደለም። ባለቤቱን ፈልጌ ነው የመጣሁ።»

እማሆይ ጥግ ላይ እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠው ነበር። እጃቸውን ዘረጉ። ሴትዮዋ ሄደው አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጡ። ነጠላውን እማሆይ ተቀበሉ፣ ፈቱት፣ ገሚሱን በራሳቸው ትከሻ፣ ገሚሱን በእናትየው ትከሻ ላይ ጣሉት።

ከዚያ እናትየው ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ነህ ያየኸው? ብዙ አመመው?»

የትምህርት ቤቱን ወሬ ልነግራቸው አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ያላየሁትን ለእኒህ ሴት መናገር ግን አልቻልኩም። «እናቴ፣ እኔ ስደርስ አልፏል። ፊቱ ላይ የሥቃይ ነገር አላየሁም። ዓይኑ ተከድኖ ነበር፤ እኔ አልከደንኩትም። ያለበስኩት ግን እኔ ነኝ» አልኳቸው። ወንድማቸው ተረጎመላቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እጄን ይዘው ሳሙኝ።

የእንግዶቹ መምጣት እድራችን ዘንድ ሲሰማ የእድሩ ዳኛ «ሐዘንተኛ ሰፈራችን መጥቶ ያለ ለቅሶ አይመለስም» አለ። ከሰዓት በኋላ የእድሩ ድንኳን ከእማሆይ ቤት ፍርስራሽ አጠገብ ተተከለ። የዚያን ቀን የመጣው ሰው ብዛት ለሰፈሩ ተወላጅ እንኳ የሚገኝ አይደለም። ልጃቸውን አንድም ሰው በሕይወቱ አያውቀውም፤ ለቅሶው ግን የእውነት ነበር። ሁላችንም በየቤታችን በእነዚህ ዓመታት ያላለቀስንለት ሰው አለን መሰለኝ። እንግዶቹን በማግሥቱ ወደ መናኸሪያ ያደረሳቸው የባጃጁ ልጅ ነው። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል። «ልጄ ብለው መረቁኝ» አለኝ።

ጥር ላይ፣ እህሉ ከአውድማ ከገባ በኋላ የእማሆይን ቤት ልንሠራ ተነሣን። ቆርቆሮው በካሣ መልክ ተሰጠ። እንጨቱን የእማሆይ ዘመዶች ከዲማ በኩል አመጡ። ጭቃውን የሰፈሩ ሰው ጭድ እየጨመረ በእግሩ ረግጦ አቦካው። በሩና መስኮቱ የእኔ ድርሻ ሆነ።

ማገሩ ታስሮ ጣራ ልንመታ በተዘጋጀንበት ቀን አንድ ባጃጅ ቆመና ክራንች የያዘ ወጣት ወረደ። ሲቪል ለብሷል። ፊቱን ያየሁት በደም ተሸፍኖ ስለነበር አላወቅኩትም። ባለቤቴ ግን ሰላምታ ሲሰጥ ከሩቅ በድምፁ ለየችው። «የእናትህን ስም ሳትነግረኝ የሄድከው!» ብላ ሮጣ አቀፈችው። እሱም ስሟን ነገራት፤ ቆመው ሁለቱም ሳቁ፣ አለቀሱም።

እማሆይ ፊት ሲቀርብ ግን ሳቁ ጠፋ። ሰው ሁሉ ከቦታል፤ አንዱ «ለሕፃናቱ ሲል ነፍሱን ሊሰጥ የቆረጠ ጀግና!» አለው።

ወጣቱ አንገቱን ደፋ። «እሱን በአውቶቡስ ውስጥም ሰማሁት» አለ። «ውሸት ነው። ትምህርት ቤቱን አላየነውም። ሞተሩ ሲጠፋ አለቃዬ ሰው የሌለበት ቦታ ፈልግ አለኝ። ፈለግኩ። አንድ አረንጓዴ ነገር አየሁና ሜዳ መሰለኝ። ‹ያውና› ብዬ ያሳየሁት እኔ ነኝ። እማሆይ፣ ቤትዎን አላየሁትም።»

እማሆይ በመቋሚያቸው ተደግፈው ትንሽ አሰቡ።

«አረንጓዴ?» አሉ። «ጎመኔን ነዋ ያየኸው!»

መጀመሪያ የሳቁት ራሳቸው ናቸው። ከዚያ የባጃጁ ልጅ፣ ከዚያ እኔ፣ በመጨረሻ ሰፈሩ በሙሉ ሳቀ። ወጣቱ ግን ሊይዘው ያልቻለው ልቅሶ መጣበት። እማሆይ ጠጋ ብለው በመዳፋቸው ጀርባውን መታ መታ አደረጉት። «ሰው የሌለበት ፈልጋችሁ ነበር አይደል? በቃ። ፍለጋው የእናንተ ነው፤ መውረጃው የእሱ ነው» አሉት፤ በጣታቸው ወደ ላይ እያሳዩ። ለአለቃው እናት ስለዚያ ትእዛዝ ነግሯቸው እንደሆነ ጠየቁት። አልነገራቸውም ነበር። እዚያው በእኔ ስልክ ደወልንና ነገራቸው። ምን እንዳሉት አልሰማሁም፤ እሱ ብቻ ብዙ ጊዜ «እሺ፣ እሺ እናቴ» ሲል ሰማሁት።

ወጣቱ መሰላል መውጣት ባይችልም ዝም ብዬ አልቀመጥም ብሎ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ከአሮጌው ጣራ የተነቀሉ ምስማሮችን በመዶሻ ሲያቃና ዋለ። እማሆይ አጠገቡ ሆነው «ይህ አልተቃናም፣ ድገመው» ይሉታል፤ ይደግመዋል።

ቤቱ ከዐቢይ ጾም በፊት አለቀ። በሩን ልገጥም ስል እማሆይ አስቆሙኝ። «ወደ ውስጥ ነው ወይስ ወደ ውጭ የሚከፈተው?»

«ወደ ውጭ ነው ያደረግኩት። የድሮው ወደ ውስጥ ስለሚከፈት ነው ቶሎ መውጣት አቅቶዎት ከግንዱ ሥር የቀሩት። አሁን የሆነ ነገር ቢወድቅ እንኳ ገፍተው ይወጣሉ።»

አየት አደረጉኝ። «ሌላ አውሮፕላን ቀጥረሃል እንዴ?»

«አልቀጠርኩም።»

«እንግዲያ ወደ ውስጥ አድርገው። እንግዳ ሲመጣ በሩን ወደ እሱ ገፍቶ መክፈት ነውር ነው።»

በሩን ነቅዬ ማጠፊያውን ከወዲያኛው በኩል በየድኩት። ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ስጨርስ እማሆይ ከውስጥ ሳብ አድርገው ከፈቱት፣ መልሰው ዘጉት፣ እንደገና ከፈቱት፤ ከዚያ «ግቡ» አሉን።